ኪሱሙ ዝም ያለበት ሳምንት

በኦቲዬኖ ላይ የተጻፉትን ዘጠኝ አቤቱታዎች በሙሉ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። መልሶቹንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ሃያ ስድስት ዓመት የፍርድ ቤት ታይፒስት ሆኜ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ዲላ ውስጥ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ባለች በረንዳ ላይ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ራፖር ጸሐፊ ነኝ፤ ጠበቃ አይደለሁም። ከሳሽ ሲመጣ የከሳሽን ቃል፣ ተከሳሽ ሲመጣ የተከሳሽን ቃል አሳምሬ እጽፋለሁ። አሳምሬ ስል የሚያነበው ኃላፊ ወንበሩ እስኪቆረቁረው ድረስ ማለቴ ነው። ጥሩብርሃን የጻፈችው ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ አይተኛም ይባላል፤ ይህን ያስወራሁትም እኔው ሳልሆን አልቀርም።

ኦቲዬኖ ኬንያዊ ነው፤ ኪሱሙ የምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ልጅ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በሞያሌ በኩል ከገባ የጭነት መኪና ጋር ረዳት ሆኖ መጣ። መኪናው ዲላ መግቢያ ላይ ተሰበረ። ሾፌሩ መለዋወጫ ላምጣ ብሎ ሄደና የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። ኦቲዬኖ መኪናውን ሲጠብቅ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ በአራተኛው መናኸሪያው በር ላይ ብረት ምጣድ ጥዶ ቻፓቲ መጋገር ጀመረ። መኪናውን ከጊዜ በኋላ ባለቤቶቹ መጥተው ጎትተው ወሰዱት። እሱን የሚጎትት ግን አልተገኘም።

ከቻፓቲ ወደ ዓሣ ተሻገረ። ከአባያ የመጣውን ዓሣ ከነጭንቅላቱ ከሰል ላይ አስተኝቶ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ አጥግቦ ሲያወርደው፣ እኛ ከዚያ በፊት ዓሣ በልተን እንደማናውቅ ገባን። ወዲያው ደግሞ “አዞ ነው የሚያበላን” የሚል ወሬ ተነሣ። የመጀመሪያው አቤቱታ ይሄ ነው። “ምንነቱ ያልታወቀ ሥጋ” ብዬ የጻፍኩባት ሐረግ እስካሁን ታኮራኛለች። ኦቴ (ስሙን እንዲህ ነው ያሳጠርንለት) ምን አደረገ? ፍርግርጉን አውጥቶ አስፋልቱ ዳር አቆመውና ዓሣውን በጅራቱ አንጠልጥሎ ለአላፊ አግዳሚው “ይቺ አዞ ነው? ጥርሱን እዩአት!” እያለ ሲያሳይ ዋለ። በሳምንቱ መቀመጫ ጠፋ።

ከዚያ ግቢ ተከራየ፣ ክፍሎች ሠራ፣ ከኋላ አዳራሽ አቆመ። ኪሱሙ ሆቴልና የሙዚቃ አዳራሽ ይባላል፤ ሰዉ ኪሱሙ ብቻ ነው የሚለው። ከወናጎም ከፍስሐ ገነትም ቡናውን ሊያስረክብ የወረደ ሰው፣ ያን እንደ ውሃ የሚንቆረቆር የኮንጎ ጊታር ሳይሰማ ወደ ቤቱ መመለስ ተወ። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶች በነፃ ይግቡ አለ፤ ወላጆች ከሰሱት። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ርችት ተኮሰ፤ ተኩስ መስሎን ግማሻችን አልጋ ሥር ገባን፣ እሱም ሁለት ቀን ታሰረ። ሲፈታ “ደህና ይዘውኛል” ብሎ ለጠባቂዎቹ ዓሣ ይዞላቸው ቢሄድ፣ ጉቦ ነው ተባለና ስምንተኛው አቤቱታ ወጣበት።

ታዲያ ሁልጊዜ ክሱ በደረሰው ማግሥት በረንዳዬ ላይ ይመጣል።

“እትዬ ጥሩ፣ ይቺን አነበቡልኝ፤ የጻፈው ሰው ጎበዝ ነው። ለኔም እንደሱ ጻፊልኝ።”

“እኔ ነኝ የጻፍኩት” አልኩት በመጀመሪያው ጊዜ፤ እንዲያፍር ብዬ።

“አውቃለሁ። ለሱ ነው የመጣሁት።”

እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ትጠሉታላችሁ? እኔ አልቻልኩም። ወድጄዋለሁ፤ መደበቅም አልፈልግም። አጥንት እንዳይወጋኝ የዓሣዬን ጀርባ በጣቱ ፈትሾ የሚያቀርብልኝ እሱ ብቻ ነው፤ ልጆቼ እንኳ አያደርጉትም።

ዘጠነኛው አቤቱታ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ይዘውት የመጡት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ጋሽ ሽብሩ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ የቡናና የእንሰት ጓሯቸው ከኪሱሙ አዳራሽ ጋር አጥር ይጋራል። ጌዴኦው ሁሉ ነገር የሚያስፈርዳቸው፣ በሕይወታቸው አንድ ውሸት ሲናገሩ ያልተሰሙ ሰው ናቸው። ከራሳቸው ጋር አርባ ሰባት ጎረቤት አስተባብረው “ዓርብ ለአዳር ጸሎት ስንቆም የእኛን ድምፅ እኛው አንሰማውም፤ ይዘጋልን” አሉ። እውነት አላቸው። ጻፍኩላቸው። እጄ እንደ ልማዱ በረታና “ትውልድ አምካኝ” የምትል ቃልም ጨመርኩበት።

ኦቴ አቤቱታው ገና ሳይገባ ወሬው ደርሶት መጣ፤ በዚህኛው አልሳቀም። የሥራ ፈቃዱና የመኖሪያ ፈቃዱ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው አይቆምም። ኪሱሙ ከተዘጋ ኦቴ ዲላን ለቅቆ ወደ ኬንያ ይሄዳል ማለት ነው።

“እዚያ ማን አለኝ?” አለኝ ወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። “እናቴ ሞታለች። ቋንቋውም አፌ ላይ ዛገ።”

“እንግዲያው በደንብ እንጻፍ። ለዚህ ሰፈር ምን በጎ ነገር ሠርተሃል?”

አሰበ። “ዓሣ እጠብሳለሁ።”

“ሌላ!”

“ከሰሏ ጥሩ ነው።”

በዚህ ጊዜ አብራው የመጣችው ናፍቆት ትዕግሥቷ አለቀ። ናፍቆት የወናጎ ልጅ ናት፤ የኪሱሙ ወጥ ቤት ኃላፊ፤ ቢላዋዋም ምላሷም የተሳለ ነው። “የጋሽ ሽብሩን ሚስት ለቅሶ ንገራታ!” አለችው። እሱ ዓይኑን ወደ መንገዱ አዞረ። እሷው ነገረችኝ።

የጋሽ ሽብሩ ባለቤት ወይዘሮ ስመኝ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። ድንኳኑ በተተከለ ቀን ኦቴ ሁለቱን ትልልቅ ሞንታርቦ ባጃጅ ላይ አስጭኖ ከግቢ ሊወጣ ሲል ናፍቆት በሩ ላይ አገኘችው። ወዴት ነው ብትለው ለቅሶ ቤት አላት። ለካ በእነሱ አገር የተከበረ ሰው ሲሞት ሙዚቃ ይከፈታል፤ ጎረቤት ሆኖ ሙዚቃ ያላመጣ ሟቿን እንደ ናቀ ይቆጠራል።

“ባጃጁ ፊት ተጋድሜ ነው የመለስኩት” አለች ናፍቆት። “‘እዚህ አገር ለሞተ ሰው ዝም ነው የሚባለው’ አልኩት። ‘ስንት ቀን?’ አለኝ። እኔም አፌ ላይ እንደ መጣልኝ ሰባት አልኩት። ሰባት ቀን ሙሉ ዘጋው፤ ዓርብና ቅዳሜውን ጨምሮ። አንድ ማንኪያ ሲወድቅብን እንኳ ይቆጣን ነበር።”

“ለምን አልተናገርክም?” አልኩት።

“ዝም ማለት ይወራል እንዴ እትዬ ጥሩ?”

ዝም አይነቅዝም ይላሉ የእኛ ሰዎች። እኔ ግን ያን ሳምንት አስታወስኩት። ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሰዋል። ጋሽ ሽብሩ ከሐዘን በተነሡበት እሑድ ጸሎት ቤት ቆመው መስክረዋል፤ በጸሎት ቤቱ ሞንታርቦ (እሱም ከኪሱሙ አያንስም፤ ይሄንን የሚከስ ግን እስካሁን አልመጣልኝም) እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። “በሐዘኔ ሳምንት እግዚአብሔር የዳንኪራውን ቤት መብራት አጠፋልኝ፤ ሚስቴን በሰላም ሸኘኋት” ነበር ያሉት። ዲላ ላይ ድምፅ ሲጠፋ ማንም ሰው መብራት ሄደ ነው የሚለው። ጀነሬተር ያለው ቤት መብራት ቢሄድ ለምን ዝም ይላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

መልሱ ላይ አሰፈርኩት። ሦስት መስመር ብቻ፣ ያለ ጌጥ። ኃላፊው ካነበበው ይበቃል ብዬ ነው፤ ጋሽ ሽብሩ ያዩታል ብዬ አላሰብኩም።

ችግሩ የመጣው ማተሙ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ዐሥር ሰዓት ላይ ሲመጣ በረንዳዬ በሰው ተሞልቶ “ሳይሄድ፣ ሳይሄድ” ይለኛል። የጋሽ ሽብሩን አቤቱታ አተምኩ፤ የኦቴን መልስ አተምኩ። ሁለቱም አስቀድሞ የተፈረመበት የስም ዝርዝር ወረቀት አላቸው፤ አንዱ የአርባ ሰባቱ ጎረቤቶች፣ ሌላው ቤቱ እንዳይዘጋ የለመኑት የአሥራ ዘጠኙ የኪሱሙ ሠራተኞች። አናታቸው ላይ ያለው ርዕስ አንድ ነው፤ “የአመልካቾች ስምና ፊርማ”። በስቴፕለር ጠቅ፣ ጠቅ አደረግኳቸውና ሰጠሁ። ጋሽ ሽብሩ ስለሚያምኑኝ አላነበቡም። ኦቴ ስለማይችል አላነበበም። ሁለቱም ወስደው አስገቡ፤ መብራቱም ተመልሶ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ቀሪውን ስመለከት የፊርማ ወረቀቶቹ ተዛውረው አገኘኋቸው። አሥራ ዘጠኙ ሠራተኞች “እንጀራ የምንበላበት ቤት ይዘጋልን” ብለው ፈርመዋል። ጋሽ ሽብሩና አርባ ስድስቱ ጎረቤቶች ደግሞ ኪሱሙ እንዳይዘጋ፣ በሐዘናቸው ሳምንትም ባለቤቱ በገዛ ፈቃዱ ዝም እንዳለላቸው ገልጸው በትሕትና ይጠይቃሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት ስሠራ አንድ አባሪ አዛውሬ አላውቅም! ሮጬ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ማኅተም አርፎበታል፤ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ካልመጡ አይወጣም አሉኝ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው።

ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ዝም ብል ኦቴ ይተርፋል። ግን አንድ እውነተኛ ሰው ያላለውን እንዳለ አድርጌ ላስቀር ነው። ብናገር ደግሞ ጋሽ ሽብሩ ወረቀቱን ሊያነቡ ነው። እኚህ ሰው ሚስታቸውን የሸኙበትን ተአምር በሦስት መስመር ልነጥቃቸው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመው የሰው ልብ መሆኑ ነበር ያቃጠለኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ጋሽ ሽብሩ ጓሯቸው ውስጥ ማድረቂያው አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡና ብላሹን ይለቅማሉ። የሆነውን ነገርኳቸው። አልተቆጡም።

“አንብብልኝ” አሉ። አማርኛቸው እንዲህ ነው፤ ወንድና ሴት ሳይለይ ቀጥ ብሎ ይመጣል። “ይህቺ ወረቀት እኔ ፈርሜበታለሁ። ምን እንዳልኩ ልስማ።”

አነበብኩ። ሦስቱ መስመር ላይ ስደርስ ጣታቸው ቡናው ላይ ቆመ።

“መብራት አልነበረም ያን ጊዜ” አሉ ቀስ ብለው።

“ነበረ ጋሽ ሽብሩ።”

“ጀነሬተሩስ?”

“ደህና ነበር።”

እኔም የባጃጁንና የሞንታርቦውን ነገር፣ የናፍቆትን መጋደም፣ ሰባት ቀን ያለችውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንሰቱ ላይ ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ሁለታችንም ተነሥተን ቡናውን በሸራ ሸፈንነው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገሩ።

“ስመኝ ትወደው ነበር።”

“ምኑን?”

“ጊታሩን። ዓርብ ዓርብ እኔ ለጸሎት ስወጣ ወገቤን አሞኛል ትለኝ ነበር። አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱሴን ረስቼ ተመለስኩ። እዚህ ናት፣ እንሰቱ መሃል፣ ወደ አጥሩ ቆማ ትሰማለች። ትከሻዋ…” በእጃቸው ትንሽ አሳዩኝ። “ቀስ ብዬ ወጣሁ። አልነገርኳትም። እሷም ሳትነግረኝ ሞተች።”

ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግሁ። “ታዲያ ያን ቀን ሞንታርቦውን ይዞ ቢመጣ ኖሮ…”

“በድንጋይ እናባርረው ነበር።”

“ታባርሩት ነበር።”

“አዎ፣ በድንጋይ” አሉና ፈገግ አሉ፤ ከለቅሶው ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ተመለሰ። “ወይዘሮ ጥሩ፣ እኛ ጌዴኦ ነገር ሲኖረን ሶንጎ ነው የምንቀመጠው። ሽማግሌ ባለበት፣ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን። ይሄ ሰው አሥራ አራት ዓመት ጎረቤቴ ነው። አንድ ቀን ፊት ለፊት አላናገርኩትም። ወረቀት ነው የላክሁበት፤ ባንቺ እጅ። ወረቀቷን ተወው። የፈረሙትን ግን ዛሬ እጠራቸዋለሁ። ለነሱም አንብብላቸው።”

ሳይመሽ እዚያው ጓሮ አነበብኩላቸው። የተከራከረ አለ፤ የሳቀ አለ፤ ወይዘሮ ስመኝን አስታውሶ ያለቀሰም አለ። ሰላም ተብሎ ተለያየን። ምን ላይ እንደ ደረሱ ግን እኔ አልገባኝም፤ የመጨረሻውን የተነጋገሩት በጌዴኦኛ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ተሰበሰብን። ኃላፊው ሠረቀብርሃን የሚባል ወጣት ነው፤ ሁለቱን ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ አንዴ ይሄን አንዴ ያን ያያል። ኦቴ ቀኑ የሰው ሠርግ ይመስል ሸሚዙን ተኩሷል፤ አንዱን ቁልፍ ግን ዘልሎታል።

“የሆቴሉ ሠራተኞች ሆቴሉ ይዘጋልን ይላሉ” አለ ሠረቀብርሃን። “ጎረቤቶቹ አይዘጋብን ይላሉ። እኔ ነኝ የታመምኩት ወይስ እናንተ?”

“የኛ ወረቀት ስህተት ነው!” ብላ ናፍቆት ከመቀመጫዋ ተነሣች። “ማን ነው በገዛ እንጀራው የሚፈርም?”

እኔም ስህተቱ የእኔ ነው ልል ተነሣሁ፤ ጋሽ ሽብሩ በእጃቸው አስቀመጡኝ።

“አባቴ፣ ይሄ ፊርማ የእርስዎ ነው?” አላቸው ሠረቀብርሃን።

“የኔ ነው።”

“ጽሑፉስ?”

“ሲያያዝ ስህተት ነበር። ትናንት ግን አርባ ሰባታችንም ሰማነው። የተጻፈው እውነት ነው። ከእውነት ላይ ፊርማዬን አላነሣም።” ከዚያ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦቴ ዞሩ። “ዓርብ ማታ ዝም ትልልናለህ። ሞንታርቦህንም ሰው ወደሌለበት ወደ ወንዙ ታዞራለህ። ይሄን ልለምንህ የሚገባኝ ድሮ ነበር።”

ኦቴ ከወንበሩ ተነሥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። “እሺ ጋሽ ሽብሩ። እሺ። አንቺ ጥሩ ሰው ናት” አለ። ሠረቀብርሃን ሳቁን ለመደበቅ አንገቱን መዝገብ ውስጥ ቀበረ።

“የጸሎት ቤቱም ሞንታርቦ ይዙር!” አለች ናፍቆት፤ እሷ መቼም የጀመረችውን አትተውም። ጋሽ ሽብሩ ትንሽ አሰቡና “እሱም ልክ ነው፤ ይዞራል” አሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሁሉም አለቀ፤ ዘጠነኛው አቤቱታ ተዘጋ።

የጸሎት ቤቱ ሞንታርቦ ዓርብ ዕለት ወደ ወንዙ ዞረ። እሑድ ጠዋት እኔ ከቅዳሴ መልስ ኪሱሙ ግቢ ተቀምጬ ዓሣዬን እጠብቃለሁ፤ ናፍቆት ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ኦቴ ፍርግርጉ አጠገብ ቆሞ ያራግባል። በአጥሩ በኩል ቀና ስል ሁለት ጎረምሶች ጸሎት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥተው ሞንታርቦውን ሲፈቱት አየሁ። ፈትተው መልሰው ወደ እኛ አዞሩት።

“ይኸው! ሦስት ቀን አልቆዩም” አለች ናፍቆት ቢላዋዋን ይዛ ተነሥታ።

“ቆይ፣ ተቀመጪ” አልኳት፤ ከታች ሆነው ጎረምሶቹን በእጃቸው እያመለከቱ ልክ ወደ ኪሱሙ በር የሚያስተካክሉት ጋሽ ሽብሩ መሆናቸውን አይቼ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ድምፃቸው ግቢያችን ውስጥ ገባ።

“ባለፈው ዓመት እዚህ ቆሜ መስክሬ ነበር” አሉ። “በሐዘኔ ሳምንት እግዚአብሔር ያን ቤት ዝም አሰኘልኝ ብዬ። አንዳንዶቻችሁ ሽብሩ ምስክርነቱን ሊያነሣ ነው ብላችኋል። አላነሣም። ዛሬም ያው ነው የምለው፤ ዝም ያሰኘው እግዚአብሔር ነው። ያን ቀን ግን በማን እጅ እንዳደረገው አላወቅሁም ነበር። ዛሬ አውቄአለሁ። ስሙ ኦቲዬኖ ነው። ጎረቤቴ ነው።”

ናፍቆት ቢላዋውን አስቀመጠች። ኦቴ ማራገቢያውን እንደ ያዘ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ወደ አጥሩ ዞሮ ቆሟል። አልተጣራሁም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ዓሣ አሳርሮ የማያውቀው ሰው፣ የዚያን ቀን የእኔን ዓሣ ከሰል አደረገው፤ እኔም ከነጭንቅላቱ አንድ ሳላስቀር በላሁለት።